ለአንድ ሳምንት በእርዳታ ስንዴ፦ ድህነትን ሞክሮ ማወቅ ይቻላልን?



ባለፈው ሸዕባን፣ ከመግሪብ በኋላ በነበረን ደርስ ላይ አንዲት እህታችን አንድ ሐሳብ አመጣች። ረመዷን ሳይገባ ፈቃደኛ የሆንን ሰዎች ለ7 ቀን አንድ የእርዳታ ተቀባይ የሚደርሰውን ያህል ብቻ እየበላን እንቆይ፤ የተሰማንን እንመዝግብ፤ ከዚያ ለጀመዓው እናቅርብ አለች። ሁላችንም ወደድነው። እውነቱን ለመናገር ከወደድንበት ምክንያት አንዱ ሲያወሩት የሚያምር መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሳምንት ዘገባ ነው። ሳምንቱ ካለቀ በኋላ የሰማነው ነገር ግን ከሳምንቱ ራሱ ይበልጣልና እስከዚያ ድረስ ታገሡኝ።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

እህታችን ነገሩን ያገኘችው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች መንግሥት በየወሩ የምግብ መግዣ ይሰጣል። በ1964 እ.ኤ.አ. በሕግ ሲቋቋም ፉድ ስታምፕ ይባል ነበር፤ በ2008 ስናፕ ተባለ። እዚያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ግን ዛሬም ፉድ ስታምፕ ነው የሚሉት። ገንዘቡ የባንክ ካርድ በሚመስል ካርድ ላይ ይሞላል። በካርዱ ዱቄት፣ ሥጋ፣ ወተትና አትክልት ይገዛል፤ ሳሙና፣ የሕፃን ዳይፐርና መድኃኒት አይገዛም። በስሎ የተዘጋጀ ትኩስ ምግብም በአብዛኛው አይገዛበትም። ማብሰያ ቤት የሌለው ሰው ታዲያ ምን ያድርግ የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም።

የዚህን ገንዘብ ማነስ ለሕዝብ ለማሳየት ሲባል ባለሥልጣናትና ታዋቂ ሰዎች ለአንድ ሳምንት በዚያው መጠን ብቻ የሚበሉበት ልማድ ተጀመረ። በ2007 የኦሬገን ግዛት ገዥ የነበሩት ቴድ ኩሎንጎስኪ አንድ ሳምንት በ21 ዶላር ኖሩ፤ በቀን 3 ዶላር ማለት ነው። በ2012 መጨረሻ ደግሞ የኒውአርክ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ኮሪ ቡከር ሞከሩት። በ2015 የፊልም ተዋናይቷ ግዊነት ፓልትሮው በ29 ዶላር የገዛችውን የሳምንት አስቤዛ ፎቶ አንሥታ ለሕዝብ አሳየች። ከእንቁላሉ፣ ከሩዙና ከጥቁር ባቄላው ጎን 7 አረንጓዴ ሎሚዎች ተደርድረዋል። ሰው በሎሚዎቹ ሳቀባት። አራተኛው ቀን ገደማ ላይ እንዳቋረጠች ራሷ ጻፈች። እኔ በሎሚው አልስቅም፤ ሴትዮዋ ቢያንስ አልቻልኩም ብላለች። ጨርሰው ድህነትን አወቅን ከሚሉት ይልቅ እሷ ወደ እውነቱ የቀረበች ይመስለኛል።

በዚህ ልማድ ላይ የሚነሣው ትችት ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ወገን፣ ስናፕ ማሟያ እንጂ ሙሉ ቀለብ ተብሎ የታሰበ አይደለም፤ ስሌቱ ራሱ ቤተሰቡ ከተጣራ ገቢው 30 በመቶውን ለምግብ እንደሚያወጣ ቆጥሮ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በእርዳታው ብቻ እየበሉ ማነሱን ማሳየት ማጋነን ነው ይላል። ይህ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። የተጣራ ገቢው ባዶ የሆነ ቤተሰብ ግን ጥቂት አይደለም። ሁለተኛው ትችት የሚመጣው ከተረጂዎቹ ከራሳቸው ነው፤ ለእኔ የከበደኝም ይኸኛው ነው። ለሳምንት የሚሞክረው ሰው ሲጀምር ሰውነቱ ጠግቦ የኖረ ነው። ምድጃው ይሠራል፤ ዕዳ የለበትም፤ ልጆቹ ከሙከራው ውጭ ናቸው። ከሁሉም በላይ ስምንተኛው ቀን መቼ እንደሆነ ያውቃል።

የእኛ አገር ስፍር

እኛ ጋ ያለው ሴፍቲኔት ነው። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ድርቅ በሚደጋግማቸው ወረዳዎች በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ይተላለፋል፤ እህሉ ሲደርስ ሰዉ በሬውን ሸጦ ጨርሷል። ሴፍቲኔት የታሰበው ቤተሰቡ ጥሪቱን ሳይሸጥ እንዲቆይ ድጋፉን አስቀድሞ ለማሳወቅ ነው። ጉልበት ያለው ሰው በነጻ አይሰጠውም። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይሠራል፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል። አምስት ነፍስ ያለው ቤት በወር 25 የሥራ ቀን አለበት ማለት ነው፤ ይህን የሚሸፍኑት መሥራት የሚችሉት አዋቂዎች ናቸው። አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ድጋፉ በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ሲሆን ለሚሠሩት በዓመት ለ6 ወር ነው። ክረምቱ፣ ጎተራው ተሟጦ አዲሱ አዝመራ ያልደረሰበት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከነዚያ 6 ወራት ውጭ ይወድቃል።

አንድ ቃል ልብ በሉልኝ። አንድ ቤተሰብ ራሱን ችሏል ተብሎ ከመዝገቡ ሲወጣ «ተመረቀ» ይባላል። እኛ ለመመረቅ አራትና አምስት ዓመት እንቆጥራለን፤ እነሱ ዘንድ ግን ተመራቂ ማለት ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ስንዴ የማይሰፈርለት ሰው ነው።

ለሙከራችን የመረጥነው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታውን መጠን ነው፤ ምክንያቱም የተወሰነ ስፍር አለው። ሙሉው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ወደ ቀን ስታካፍሉት 500 ግራም ስንዴ፣ 50 ግራም ምስር ወይም አተር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ዘይት ይሆናል። ተደምሮ ወደ 2,000 ካሎሪ ነው። የጤና ተማሪዎች እንዳረጋገጡልን ይህ ሰውን በሕይወት ያቆያል። ሙሉ ሆኖ ከደረሰ ማለቴ ነው። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ ላይ የአሜሪካው የልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ላልተፈለገ ዓላማ እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን ለወራት ሲያቆሙ፣ ከሰረቀው ሰው ይልቅ የተራበው ያልተሰረቀለት እጁ ባዶ ቀረ።

ሳምንቱ

ወንዶች አምስት ነበርን፤ እህቶች በራሳቸው በኩል አደረጉት። ካምፓስ ውስጥ ማብሰል ስለማይቻል ውጭ በተከራየ አንድ ወንድማችን ቤት ተሰበሰብን። ለአምስት ሰው ለ7 ቀን 17 ኪሎ ተኩል ስንዴ፣ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ምስርና ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ዘይት ገዛን። ስንዴው ክፍሉ መሐል ተቀምጦ ሲታይ ብዙ ነበር። አንዱ «ይህ ለሁለት ሳምንትም ይበቃል» አለ።

የመጀመሪያው ችግር ከረሃብ በፊት መጣ፦ ስንዴ አይበላም። መፈጨት አለበት፤ ወፍጮ ቤት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በደንባችን መሠረት ገንዘብ የለንም። ተከራከርን። በመጨረሻ የወፍጮውን ከኪሳችን ከፈልንና «ይህ አይቆጠርም» አልን። ቀጥሎ ጨው መጣ። ጨውም አይቆጠርም አልን። በርበሬና ሽንኩርት ላይ ግን ጠነከርን፤ ለምን እነሱ ላይ እንደጠነከርን አላውቅም። የኤሌክትሪክ ምድጃው የቆጠረውን ማን እንደከፈለ ያስታወሰ የለም።

ጠዋት ቂጣ፣ ቀን ቂጣ፣ ማታ ቂጣ በምስር። አንድ ቀን ንፍሮ ቀቅለን ደስ አለን። በሁለተኛው ቀን ሻይና ቡና የለመድነው ራሳችንን አመመን። በሦስተኛው ቀን ሆዴ ባዶ አልነበረም፤ ነገር ግን ከክፍል ወጥቼ ላውንጅ አጠገብ ሳልፍ የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ አቆመኝ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁትን ሌክቸር አላስታውስም። በአራተኛው ቀን አንዱ ወንድማችን ጓደኛው ሻይ ጋብዞት ጠጣ፤ ማታ ሲናገር ሌላው ተቆጣ፤ እውነተኛ ጠብ ሆነ። ቂጣውን የሚቆርሰው ሰው እጅ ላይ አምስታችንም ዓይናችንን ተክለን እንደነበር ያስተዋልኩት በአምስተኛው ቀን ነው። አምስት የጀመዓ ልጆች፣ አብረን የምንሰግድ፣ የቂጣ ቁራሽ በዓይናችን እንመዝን ነበር።

ሰባተኛው ቀን አለፈ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ፍርፍር በላን። አልሐምዱሊላህ አልን፤ ሪፖርታችንንም ጻፍን።

ያልጠየቅነው ሰው

ሪፖርቱን ለጀመዓው ባቀረብንበት ምሽት ከኋላ አንድ ወንድማችን ተቀምጦ ነበር። ከወሎ ገጠር የመጣ ነው። ሁለት ዓመት አንድ ዶርም ውስጥ አብሮኝ ኖሯል፤ አልጋው ከእኔ አልጋ በላይ ነው። ሙከራውን ስንጀምር ጋብዘነው «ይቅርብኝ» ብሎ ነበር፤ ሰነፈ ብለን አልፈነዋል። በዚያ ምሽት ምንም አልተናገረም። ዶርም ስንገባ ግን እንዲህ አለኝ፦

«አኺ፣ ለማወቅ ከሆነ እኔን ብትጠይቁኝ ይቀል ነበር።»

ቤተሰቡ በሴፍቲኔት ውስጥ ነው ያደገው። እስከዚያች ቀን አላወቅሁም፤ ጠይቄውም አላውቅም። ያን ሌሊት ብዙ አወራኝ። ስሙን እንዳልጽፍ፣ ነገሩን ግን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

«እኛ ቤት ስንዴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው መብላት አልነበረም» አለኝ። «መጀመሪያ ከላዩ ተቀንሶ ይሸጣል። ለወፍጮ፣ ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለእኔ ደብተር። እናንተ ‹አይቆጠርም› ያላችሁት ሁሉ እኛ ቤት ከስንዴው ላይ ነው የሚቆጠረው።» ቀጥሎ የአክስቱ ቤት አለ። አክስቱ በመዝገቡ አልገቡም፤ ቤታቸው ግን አጥር ለአጥር ነው። ጭስ የማይወጣበት ጎረቤት አጠገብ ቁጭ ብሎ መብላት አይቻልም። ስለዚህ ለስድስት ሰው የተሰፈረው ለአስር ይሆናል። እናቱ እርከን ሲሠሩ ውለው ሲመጡ ራታቸውን «እዚያው ቀምሻለሁ» እያሉ ለልጆች ይተዉ ነበር። እሱ ይህን ያመነው እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ ነው።

ከዚያ ስለ አሁኑ ጠየቅሁት። ነን-ካፌ የሆነው ለምንድን ነው? እኛ ነን-ካፌ የሚሆን ሰው የካፌ ወጥ የሰለቸውና ከቤቱ የሚላክለት ነው ብለን እናስባለን። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለዓመታት 15፣ ኋላም 22 ብር ሆኖ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱን ታስታውሳላችሁ። እሱ ያን ገንዘብ በወር ሲቀበል ከፊሉን ወደ ቤት ይልካል። በቀን የሚበላው አንድ ጊዜ ነው፤ ሰኞና ሐሙስ ይጾማል፤ በሌሎቹም ቀናት ብዙ ጊዜ ይጾማል። እኔ ደግሞ በጾሙ ብዛት እቀናበት ነበር።

በሱረቱል በቀራህ 273ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ስለ አንድ ዓይነት ድሆች ይነግረናል፤ ከመለመን ስለሚጠበቁ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ይመስሉታል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሚስኪን የሚባለው በየደጁ ዞሮ አንድ ሁለት ጉርሻ የሚቀበለው ሳይሆን፣ የሚበቃው የሌለው፣ ችግሩም ታውቆ የማይመጸወትለት ሰው እንደሆነ አስተምረዋል። ሁለቱንም በደርስ ተምሬያቸዋለሁ፤ ፈተናም ቢሆን እመልሳቸዋለሁ። ሰውዬው ግን ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ላይ ይተኛ ነበር።

ጾምና ሙከራ

ብዙ ጊዜ ረመዷን ሲመጣ «የምንጾመው የድሃውን ረሃብ ለማወቅ ነው» ሲባል እንሰማለን። በመልካም ልብ የሚባል ነው። ቁርኣን ግን በበቀራህ 183 ላይ የጾምን ዓላማ ተቅዋ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ዓላማው ረሃብን ማወቅ ቢሆን ኖሮ ድሃው ለምን ይጾማል? እሱ ያውቀዋል። ለድሃ ማዘን ከጾም የሚገኝ ፍሬ ነው፤ በአዛን የሚያበቃ ረሃብ ግን፣ በተለይ ከአዛኑ በኋላ ሳምቡሳና ሾርባ ከተደረደረ፣ ስለ ድህነት የሚነግረን ጥቂት ነው። የእኛ ሳምንትም እንዲሁ ነበር።

ታዲያ ከተራበው ጋር መራብ ዋጋ የለውም? እንዲህ አልልም። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲናና አካባቢዋ በብርቱ ድርቅ ተመቱ። ነፋሱ አመድ የመሰለ አቧራ ስለሚያነሣ ዓመቱ ዓሙ-ረማዳህ፣ የአመድ ዓመት ተባለ። የታሪክ መጻሕፍት እንደሚተርኩት ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሕዝቡ እስኪያገኝ ድረስ ቅቤና ሥጋ ላለመቅመስ ማሉ። ዘይት ብቻ ሲበሉ ሆዳቸው ይጮህ፣ መልካቸውም ይጠቁር ነበር።

እኛ ይህን ታሪክ ስንተርክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን፤ ልብ የሚነካው ይህ ነውና። ቀሪው ግን ይበልጥ ያስፈልገናል። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ግብፅና ወደ ሻም ጽፈው እህል የጫነ ቅፍለት አስመጡ። ወደ መዲና የጎረፈውን ሕዝብ አስቆጥረው ድንኳን ሥር አስመገቡ። የዚያን ዓመት ዘካ መሰብሰብ አዘገዩ፤ በረሃብ ዓመት ለሰረቀም የእጅ ቅጣቱን አልፈጸሙም። ቅቤውን መተዋቸው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ ቢሆን ኖሮ ሆዱ የሚጮህ አንድ ሰው በመዲና ላይ መጨመር ብቻ ነበር።

ስለ ስፍርም አንድ ነገር እናክል፤ ይህን ያገኘነው ከሙከራው በኋላ ኪታብ ስናገላብጥ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ መጾም ያልቻለ ሽማግሌ ወይም የማይድን በሽተኛ ለእያንዳንዱ ቀን የሚያወጣው ፊድያ አንድ ሙድ የአገሩ ቀለብ ነው፤ ለአንድ ሚስኪን። ሙድ በግምት 600 ግራም ነው፤ እንደ እህሉ ዓይነት ከዚያም ከፍ ይላል። አራት ሙድ አንድ ሷዕ ነው፤ ዘካተል ፊጥር በአንድ ነፍስ የሚወጣው። የዛሬው ራሽን እህል በቀን 500 ግራም መሆኑን ከዚህ ጎን አስቀምጡት። አንድ ሷዕ ማለት አንድን ሰው ከዒድ ቀን ጀምሮ አምስት ቀን ገደማ የሚያቆይ እህል ነው። የሚያልፈው ረሃብ የዒዱ ቀን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ዘካ ግን ከዚህ ይሰፋል። ኢማም ነወዊ በመጅሙዕ ላይ ሲያብራሩ ድሃ ከዘካ የሚሰጠው ከድህነት የሚያወጣው ያህል ነው፤ የእጅ ሙያ ያለው የሙያ መሣሪያውን መግዣ፣ ነጋዴው መነሻ ካፒታሉን ያገኛል ይላሉ። ይህ ሐሳብ ከሚሰፈርለት ስንዴ በጣም የራቀ ነው። እርግጥ የተማሪ ጀመዓ የዘካ ተቋም አይደለም፤ እኛ ማንንም «ማስመረቅ» አንችልም።

የቻልነውን ግን አደረግን። ለአንድ ምሽት ትልቅ ኢፍጣር የተያዘው ገንዘብ በግማሽ ተቀንሶ፣ ስማቸው በማንም ፊት ሳይጠራ በአንድ ወንድምና በአንዲት እህት በኩል ብቻ ለሚደርሳቸው ተማሪዎች የወር ድጋፍ ሆነ። ለዚያ ወንድሜ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። በዒድ ዋዜማ በካምፓሱ ዙሪያ ላሉ ቤቶች ዘካተል ፊጥር ስናደርስ ደግሞ ከስንዴው ጋር ለየብቻው በፖስታ የወፍጮ ዋጋ በሰደቃ አብረን ሰጠን። በኪሎ ስንት እንደሆነ ከመካከላችን ያወቀ አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ጠይቀን ነው ፖስታዎቹን ያሸግነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።